አራተኛው ካሴትና የቡሬ ቀጠሮ

እናንተዬ፣ «እንደ በፊቱ አይደለም» የምትባለዋን አባባል ልብ ብላችኋታል? ጠላው እንደ በፊቱ አይደለም። ዝናቡ እንደ በፊቱ አይደለም። ዲያቆኑ፣ ዳኛው፣ የአውቶቡሱ ረዳት፣ አንዳቸውም እንደ በፊቱ አይደሉም። መቼ ነበር ይሄ «በፊት» የሚሉት ዘመን? ማንስ ኖረበት? እኔ በዚህች አባባል ብዙም አልጨነቅም ነበር። አንድ ቀን ግን ስለ አንድ ካሴት ስትነገር ሰማኋት። ከዚያ ወዲያ ላገባት ሽማግሌ የላክሁባትን ትርንጎን ታሳጣኛለች ብዬ ያልተሳልኩበት ታቦት የለም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። ጊዜው «ክልል» እና «ዞን» የሚሉትን ቃላት አፋችን ገና እየለመዳቸው የነበረበት ነው። እኔ ፍኖተ ሰላም የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ወዳጄ አንዷለም ደግሞ ግብርና ጽሕፈት ቤት ይሠራል። የቋሪት ልጅ ነው፣ የገበዝ ማርያም። ጋሽ ይስማው ከሚባሉ የድሮ ወታደር ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይተን በደባልነት እንኖራለን። ወጡን እሱ ይሠራል፣ ሳህኑን እኔ አጥባለሁ። ቴፑ የእሱ ነው፣ ካሴቶቹ የኔ ናቸው። እንዲህ ያለ ሽርክና መቼም ጥሩ የሚሆነው እስኪጣሉ ድረስ ነው።

ካሴቶቹ የመጋኛ ባንድ ናቸው። አዎ፣ ስሙ መጋኛ ነው። ስሙን የሰሙ አሮጊቶች ያማትቡ ነበር። ጸጉራቸውን ያሳደጉ የአዲስ አበባ ልጆች ናቸው፤ ሮክ የሚባለውን ሙዚቃ በአማርኛ ይጫወታሉ። በፍኖተ ሰላም እነሱን የምንወድ ሰዎች ሁላችንም አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ እንበቃለን። ቁጥራችን አነስተኛ ስለሆነ ፍቅራችን የከረረ ነበር። የመጀመሪያው ካሴታቸው ላይ ጊታሩ ቀበቶው እንደ ላላ ወፍጮ ያጓራል፣ ከበሮው ደግሞ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርድ በረዶ ነው። በሁለተኛው ዋሽንት ጨመሩበት። በሦስተኛው አዘኑ። የዘፋኙ እናት ሞታበት ነው ይባላል፤ እውነቱን የሚያውቅ የለም፣ እኛ ግን ለቅሶ እንደ ደረሰ ሰው ዝም ብለን ነበር የምንሰማው።

አራተኛውን ከባሕር ዳር ይዤ የመጣሁት እኔው ነኝ። ስብሰባ ሄጄ ከአንድ ሱቅ መስኮት ላይ አየሁት። የትራንስፖርቴን ሰጥቼ ገዛሁትና በጭነት መኪና ጀርባ ተሳፍሬ መጣሁ። አቧራ እንዳይነካው በካልሲ ጠቅልዬዋለሁ። ቤት ስደርስ አንዷለም እጁን ታጠበ። ከበዓል በቀር እጁን ለምንም ነገር በሳሙና አይታጠብም። ካሴቱን ቴፑ ውስጥ ከተተውና ተቀመጥን።

የመጀመሪያው ዘፈን አለቀ። አንዷለም ቴፑን ትክ ብሎ ያያል። ሁለተኛው አለቀ። አንዷለም የሸሚዙን ኮሌታ ያኝካል። ኪቦርድ አለ፣ ሴቶች ከኋላ ይቀበላሉ፣ ጊታሩ አያጓራም፣ ያንጎራጉራል እንጂ። እኔ ደስ ብሎኛል። ትርንጎን እያሰብኩ ስለነበር ይሆናል፣ እኔንጃ። ካሴቱ ጠቅ ብሎ ሲቆም አንዷለም ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና «እንደ በፊቱ አይደለም» አለ።

እኔም ይበልጣል አልኩ። ይበልጣል ማለት ምን ማለት ነው አለኝ። ሰዎቹ አደጉ ማለት ነው አልኩት። በዚያ ሰሞን እሱ ከመሥሪያ ቤቱ ግምገማ ገና መውጣቱ ነበር። የዚያን ጊዜ ሰው ከግምገማ ሲወጣ እንዴት እንደሚሆን ታስታውሳላችሁ? ሚስቱን ሳይቀር ጠንካራ ጎን ደካማ ጎን እያለ ነው የሚያናግራት። አንዷለምም አራተኛውን ካሴት ለመገምገም ተነሳ። ድክመቱ ይሄ፣ ድክመቱ ያ፣ ባንዱ ከሕዝብ ተነጥሏል፣ ባንዱ ለሻይ ቤት ተንበርክኳል። በመጨረሻ እኔ ግለ ሂስ እንዳደርግ ጠየቀኝ። ካሴቱን የወደድኩት ስለለሰለስኩ እንደሆነ እንዳምን ፈለገ። አላምንም አልኩ። አንድ ቃል ሌላ ቃል ወለደ። በማግስቱ አልጋውንና ቴፑን ተሸክሞ እዚያው ግቢ ማዶ ወዳለችው ክፍል ገባ።

አሁን ሁኔታውን ተመልከቱልኝ። እሱ ቴፕ አለው፣ ካሴት የለውም። እኔ ካሴት አለኝ፣ ቴፕ የለኝም። ማታ ማታ ሁለታችንም በየበራችን ቁጭ ብለን ጸጥታ እንሰማለን። እኔ በእስክሪብቶ ካሴቱን ወደ ኋላ አጠነጥናለሁ፣ ወደ ፊት አጠነጥናለሁ። እሱ ባዶ ቴፑን ከፍቶ እሽሽሽ የሚለውን ድምፅ ያዳምጣል። የቧንቧው ውሃ አንድ ስለሆነ ጧት ጧት እዚያ እንገናኛለን፤ አንገናኝም ማለት ይሻላል፣ እሱ ተራራውን ያያል፣ እኔ ባልዲውን።

ይሄ ሁሉ ምን ያስጨንቃል ትሉ ይሆናል። ሁለት ጎረምሳ በካሴት ቢጣላ ምን አለበት? ወገኖቼ፣ ጭንቀቱ ቡሬ ነው ያለው። ትርንጎ ቡሬ ታስተምራለች። አባቷ ጋሽ ሙላት በርበሬ ነጋዴ ናቸው። ሽማግሌዎቼ ሁለት ጊዜ ሄደው ሁለት ጊዜ ተመልሰዋል። መጀመሪያ «ልጄ ገና ናት» አሉ፤ ይሄ ወግ ነው፣ አልከፋኝም። ቀጥሎ «ዘመድ ላማክር» አሉና ቀጠሮ ሰጡ። ያ ቀጠሮ የሚመጣው እሑድ ነው። ቁርጡ የሚታወቀው የዚያን ቀን ነው። በዚህ መሃል ከባሕር ዳር ሌሎች ሽማግሌዎች ለሌላ ሰው ሊጠይቁ በመኪና መጥተው እንደነበር ትርንጎ ላከችብኝ። በመኪና። የኔዎቹ በአውቶቡስ ቆመው ነው የሚሄዱት።

የሽማግሌዎቼ አለቃ ደግሞ ማን ይመስላችኋል? አያ ደረሰ፣ የአንዷለም አጎት። በቋሪት የድንበር ጠብ ሁሉ በእሳቸው ነው የሚያልቀው። ወላጆቼ ሩቅ ስለሆኑ ለኔም አባት ሆነው የቆሙልኝ እሳቸው ናቸው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። እኔ ደግሞ ሲፈጥረኝ ስጉ ነኝ፤ ሰው በስሜ ሲጠራኝ «ምን አጠፋሁ?» ብዬ ነው አቤት የምለው። አያ ደረሰ የጠባችንን ወሬ ሲሰሙ የፈራሁት ደረሰ። ከገበዝ ማርያም በበቅሎ መጡና ግቢው መሃል ቆሙ። ልጅ ስጡን ብለው የሚሄዱለት ቤት ራሱ ተጣልቶ ሳለ የማንን በር እንደሚያንኳኩ ጠየቁን። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» አሉ። «እናንተ ሳትታረቁ እኔ ቡሬን አልረግጥም።» ጅቡ ባለመኪናው እንደሆነ ለኔ ግልጽ ነበር።

በማግስቱ ጋሽ ይስማው ግቢ ዋንዛው ሥር ሦስቱ ሽማግሌዎቼ ተሰየሙ። አያ ደረሰ መሃል፣ ጋሽ ይስማው በስተቀኝ፣ ቅኔ የሚያስተምሩት መሪጌታ ላቀ በስተግራ። አንዷለምና እኔ ቆመን ዋስ ጠራን። እሱ የኔን በደል ተናገረ፣ እኔ የእሱን። ሽማግሌዎቹ በጥሞና ሰሙ። ይቅር ተባባሉ ይሉናል፣ ጉልበት ስመን ያልቃል ብዬ ነበር። ምን ያደርጋል፣ አያ ደረሰ ጠንቃቃ ሰው ናቸው።

«ስለ ድንበር ስንዳኝ ድንበሩን በእግራችን ሄደን እናያለን» አሉ። «ሳናይ ብንፈርድ ኸፈጣሪ እንጣላለን። ስለዚህ ካሴቱ ይቅረብ።»

አንዷለም አንዱን ብቻ መስማት እንደማይበቃ አመለከተ። ድንበር ከዳር እስከ ዳር ነው አለ። አራቱም እንዲቀርቡ ተወሰነ። እኔ ካሴቶቹን አመጣሁ፣ እሱ ቴፑን። ከተጣላን ወዲህ እነዚያ ዕቃዎች ሲገናኙ የመጀመሪያቸው ነው። መብራት ስለሌለ የባትሪ ድንጋይ ተገዛ። ከዚያ በኋላ፣ እመኑኝ፣ ሦስት ባለ ነጭ ጋቢ ሽማግሌዎች ዋንዛ ሥር ተቀምጠው መጋኛ ባንድን ከመጀመሪያው ካሴት ጀምረው ሰሙ። አገር ምድሩ አጥሩ ላይ ተንጠለጠለ። ዶሮዎቹ በመጀመሪያው ጊታር ግቢውን ለቀው ወጡ።

ጋሽ ይስማው የመጀመሪያውን ሲሰሙ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው መምታት ጀመሩ። ዱሮ በጦሩ የሰልፍ ባንድ ውስጥ ከበሮ ይመቱ ኖሯል፤ ከሳቸው ጋር ስንኖር አንድም ቀን ነግረውን አያውቁም። ይሄ ልጅ ይመታል አሉ፣ ይሄ ልጅ ምግብ በልቷል። መሪጌታ ላቀ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ፊታቸውን እንዳጨፈገጉ ቆዩ። ሦስተኛው ላይ ግን ስለ አንድ ወንዝ የምታወራ ዘፈን ስትመጣ ጆሯቸው ቆመ። አስደገሟት። ሰሙ ወንዝ ነው፣ ወርቁ ግን ወንዝ አይደለም አሉ። አያ ደረሰ ወርቁ ምንድን ነው ሲሏቸው አጥሩ ላይ የተንጠለጠለውን ሰው ዞር ብለው አዩና ወርቁን እዚህ አልናገረውም አሉ። ዘመኑን ታውቁታላችሁ፣ ማንም አላስገደዳቸውም።

አራተኛው ሲገባ ድንጋዩ መድከም ጀምሯል። ፀሐይ ላይ አሞቅነው፣ መልሰን ከተትነው፣ ግን ተዳክሟል። ካሴቱ እየተጎተተ መዞር ጀመረ። የዘፋኙ ድምፅ ወፈረ፣ ወረደ፣ የሰባ ዓመት አዛውንት ሆነ። ከኋላ የሚቀበሉት ሴቶች ገዳም የገቡ መነኮሳት መሰሉ። ያ ለሻይ ቤት ተንበርክኳል የተባለው ዘፈን በገና ነው የመሰለው። አያ ደረሰ ዓይናቸውን ጨፍነው አንገታቸውን ቀስ ብለው ይነቀንቃሉ። በመጨረሻ ዓይናቸው ረጥቦ ቀና አሉ። ይሄ ሰው በዕድሜው በስሏል አሉ። ያ ሁሉ ጩኸት ወደዚህ ለመድረስ ነው፤ ካሴት ማለት ይሄ ነው።

አንዷለም ላብ በላብ ሆነ። አጎቱ ፊት እጁን አጣምሮ፣ አንቱ እያለ፣ ዘፈኑ እንዲህ እንዳልሆነና ድንጋዩ ደክሞ እንደሆነ ለማስረዳት ሞከረ። አያ ደረሰ ዝም አሰኙት። «ድንጋዩ ደከመ እንጂ ሰውየው አልደከመም» አሉት። ፍርዱ ወደኔ ሲያዘነብል ስለ ድንጋይ መናገር ለኔ አይገባም።

ፍርድ ግን አልነበረም። ጋሽ ይስማው ከመጀመሪያው በኋላ ያለው ሁሉ ውሃ የገባበት ጠላ ነው አሉ። መሪጌታ ላቀ ደግሞ ምሥጢር የሌለው ጩኸት ለምኔ ብለው ሦስተኛውን ይዘው ችክ አሉ። አያ ደረሰ በአራተኛው ጸኑ። ሊያስታርቁን የተሰየሙ ሰዎች እርስ በርሳቸው ተናቆሩ። ጋሽ ይስማው መሪጌታን ጆሮዎ ለቅዳሴ እንጂ ለከበሮ አልተፈጠረም አሏቸው። መሪጌታም ጋሽ ይስማው ከበሮ ሲመቱ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ቃል ስለማይገባቸው እንደሆነ በትሕትና ገለጹ። ሦስቱም ጋቢያቸውን አጣፍተው ተነሡ። እኛ እንደተጣላን ነን። እነሱም ተጣሉ። ገላጋይ መሃል ገብቶ ዱላ ቀመሰ ሲባል ሰምታችኋል፣ ገላጋዮች ተራ በተራ ሲቀምሱ ግን እኔ አየሁ።

ከዚያ እስከ እሑድ እንዴት እንዳደርኩ አትጠይቁኝ። ክፍል ገብቼ ስለ ናይል ተፋሰስ ሳስተምር ቃል ይጠፋኛል። ሦስቱ ሽማግሌዎች በመንገድ ሲገናኙ ሰላምታቸው በባርኔጣ ብቻ ነው። አያ ደረሰ ግን ቃላቸው ቃል ነው፤ ቀጠሮ ተቀብሎ መቅረት ከጠብ ይብሳል ብለው ለመሄድ ወሰኑ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አውቶቡሱ ላይ ሦስቱም በተለያየ ወንበር ተቀመጡ። አንዷለም አጎቱን ሊደግፍ መጣ። እኔም ተከተልኩ። አምስት ሰዎች ነን፣ ወደ አንድ ቀጠሮ የምንሄድ፣ አንዳችንም ከሌላው ጋር የማንነጋገር። ማንኩሳን ሳናልፍ ረዳቱ የተለያየን ተሳፋሪዎች መስለነው ሒሳቡን ለየብቻ ጠየቀን።

ቡሬ ደረስን። አጭ ሆኖ የሚጠይቅ ልጅ ከሽማግሌ ጋር አይገባም። እኔ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ያለው ሻይ ቤት ቀረሁ። አንዷለምም እዚያው፣ በሌላ ጠረጴዛ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀመጠ። ባለ ሻይ ቤቱ ምን ቢከፍት ጥሩ ነው? አራተኛውን ካሴት። በትክክለኛ ፍጥነቱ፣ ከነኪቦርዱ። አለቀ፣ ገለበጡት፣ አለቀ፣ ገለበጡት። ሻዬ በረደ። ባለመኪናው ዛሬ ድግስ እየደገሰ ይሆናል አልኩ። ካልታዘልኩ አላምንም አለች አሉ ሙሽራ፤ እኔ ደግሞ ታዝላ ቤቴ ብትገባ እንኳ ቆሜ የምጠራጠር ሰው ነኝ።

ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ አንዱ ከፊት፣ አንዱ መሃል፣ አንዱ ከኋላ ነው የመጡት። የሦስቱም ዓይን ቀልቷል። አለቀሱ ብዬ ልወድቅ ደረስኩ። ለካ በርበሬ ነው። የጋሽ ሙላት ግቢ ሙሉ በርበሬ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ኖሯል። እዚያ መሃል ቆመው ሲያስነጥሱ ነው የዋሉት። መሪጌታ ላቀ አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ የሆነውን ነገሩኝ።

እንደ ደንቡ አልተቀመጡም። ቃላችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ጋሽ ሙላትም እንደ ደንቡ «ልባችሁ አንድ ሆኖ ነው የመጣችሁት?» ብለው ጠየቁ። የዚህ ጥያቄ መልስ የታወቀ ነው። አገር ሁሉ «አንድ ነው» ብሎ ያልፈዋል። አያ ደረሰ ግን የሰው ደጅ ቆመው አይዋሹም። ጥቂት አሰቡና፣ «ስለ ልጁ አንድ ነው፤ ስለ ካሴቱ ግን አይደለም» አሉ።

ስለ ምን ካሴት? ጋሽ ሙላት ግራ ገባቸው። ሊነገራቸው ግድ ሆነ። አያ ደረሰ አራተኛውን አወደሱ። ጋሽ ይስማው አልቻሉም፣ አቋረጧቸው። መሪጌታም ስለ ወንዙ ማብራራት ጀመሩ፤ ወርቁን እንኳ እዚያ ግቢ ውስጥ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናግረውታል። የትርንጎ እናት ወንበር አወጡ። ሦስቱም አንቀመጥም አሉ፤ ለደንቡ አልነበረም፣ ቁጭ ብሎ መከራከር ስለማይመች ነው። በየመሃሉ ያስነጥሳሉ። ጋሽ ሙላት አንዱን አይተው ወደ ሌላው፣ ሌላውን አይተው ወደ ሦስተኛው እየዞሩ ሰሙ። ይሄን ስሰማ በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ። ጠረጴዛውን ያዝኩ።

ጋሽ ሙላት በመጨረሻ እጃቸውን አንስተው አስቆሟቸው። የባሕር ዳሮቹ ሽማግሌዎች ስለ ሁሉም ነገር አንድ ቃል እንደተናገሩ ነገሯቸው። ስለ ጥሎሹ አንድ ቃል፣ ስለ ልጁ ጠባይ አንድ ቃል። «በርበሬ ሻጭ ደህናውን ኸላይ ደርድሮ ጉዱን ኸሥር ይደብቃል» አሉ። «ሰላሳ ዓመት ጆንያ የገለበጥኩት ለዚህ ነው። እናንተ ግን ጉዳችሁን ኸላይ አድርጋችሁ መጣችሁ። ልጄ ባል ጋ ስትገባ መጣላቷ አይቀርም። እንዴት እንደምትጣሉ አየሁ፤ ዱላ የለ፣ ስድቡም ያው ስድብ አይባል። ተቀመጡ። ሰጥቻለሁ።»

ሰጥቻለሁ። መሪጌታ ይህን ቃል ሲነግሩኝ የአንዷለም ወንበር ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ፤ እሱ ለካ ተነሥቶ ከኋላዬ ቆሞ ይሰማ ነበር። እንባዬ መጣ። የኔ እንኳ የበርበሬ አልነበረም። ሦስቱንም ጉልበት ለመሳም ጎንበስ ስል አያ ደረሰ ትከሻዬን ያዙና ቆይ አሉኝ። ገና አላለቀም። ጋሽ ሙላት አንድ ነገር ጨምረዋል። ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ ይሁን፣ ጥምቀትን ፍኖተ ሰላም ዘመድ ዘንድ መጥቼ አሳልፋለሁ ብለዋል። ያኔ ሁላችሁም ተስማምታችሁ አንድ ዓይነት ስታወሩ ካገኘኋችሁ የዛሬው ጠብ ቲያትር ነበር ማለት ነው፤ እኔ ደግሞ ቲያትረኛ ቤት ልጅ አልሰጥም ብለዋል።

ወደ ፍኖተ ሰላም ስንመለስ አውቶቡሱ ጢም ብሎ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሦስቱም ከፊት ወንበር አንድ ላይ ተጨናንቀው ተቀምጠዋል፤ የመጀመሪያው ይበልጣል፣ ሦስተኛው ይበልጣል ሲሉ ይሰማኛል፣ እኔም ፈጣሪን አመሰግናለሁ። አንዷለም ሰው ገፋ ገፋ አድርጎ አጠገቤ መጣና ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ። ሻይ ቤቱ ውስጥ ደጋግሞ ሲሰማው ያ ካሴት ያን ያህል ክፉ እንዳልሆነ ሊነግረኝ ፈለገ። እንዲያውም ሁለተኛው ገጽ ላይ ያለው ጊታር እንደ በፊቱ ነው አለኝ። ቀጥሎም እጁን ዘርግቶ፣ አጎቱ እየሰሙት፣ «ወንድምዓለም፣ ይቅር በለኝ» ሊል አፉን ከፈተ።

አፉን በመዳፌ ያዝኩት።

ግራና ቀኜን አየሁ። ጆሮው ላይ ተጠግቼ፣ በወዳጅነታችን ይሁንብህ፣ በእናትህ ይሁንብህ፣ እስከ ሠርጉ ድረስ እንዳትታረቀኝ ብዬ ለመንኩት።